ፒኳ የት ገባች? የጊታር ፒክ ደጋግሞ እንዲጠፋ የሚያደርጉና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ስንቀይር ሶፋው በበሩ አልወጣ አለንና ገለበጥነው። ከውስጡ ፒክ፣ ያቺ የጊታር ክር የምንመታባት ትንሽ ፕላስቲክ፣ ይረግፍ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዕቃ ሊጭኑ የመጡት ልጆች ቆመው ያዩኛል፤ እኔ ተንበርክኬ እለቅማለሁ። ሲቆጠር 11 ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ይሄን ፒክ ምን ይበላዋል?» እያልኩ ስፈልጋቸው የነበሩት ናቸው።

ከቁጥሩ ይልቅ የገረመኝ ቦታቸው ነው። ከሶፋው ግራ በኩል አንድም አልወጣም። ሁሉም የተገኙት በቀኝ በኩል፣ መቀመጫው ከክንዱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ፒክ የምይዘው በቀኝ እጄ ነው። ስለማመድም የምቀመጠው ሁልጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ነው። ያን ቀን ነገሩ ተገለጠልኝ። ቀኝ እጄ ሌላ ሥራ በታዘዘ ቁጥር ፒኳን ሳያማክረኝ አጠገቡ ያስቀምጣታል። እኔ እነሳለሁ፤ እሷ ትንሸራተታለች።

ጊታር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህንኑ በተማሪዎቼ ላይ አያለሁ። ፒክ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ዋጋዋም ብዙ አይደለም። ግን አንድ ልጅ «ፒኬ ስለጠፋች ሳምንቱን አልተለማመድኩም» ብሎ ሲመጣ በጣም ያሳዝነኛል። ጀማሪ ሳለ የተዘለለ ሳምንት ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። የመሣሪያ ሱቅ ራቅ ብሎ ለሚገኝበት ሰውማ ሌላ መግዛት ራሱ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ስለዚህ እኔም ተማሪዎቼም ደጋግመን ስንሠራቸው ያየኋቸውን ስህተቶች እዚህ ልዘርዝር።

«ለአንድ ደቂቃ» ብሎ ማስቀመጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ስህተቶች ከዚህ የሚወለዱ ናቸው።

እየተጫወታችሁ ነው። ስልክ ይጮኻል። ወይም የኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ስም ደብተር ላይ መጻፍ ትፈልጋላችሁ። ወይም «ቡናው ቀርቧል፣ ና ጠጣ» ትባላላችሁ። ስልኩን፣ እስክሪብቶውን ወይም ሲኒውን ለማንሳት እጃችሁ ባዶ መሆን አለበት። ስለዚህ ፒኳን የሆነ ቦታ ያኖራታል፤ ጭናችሁ ላይ፣ የሶፋው ክንድ ላይ፣ ደብተሩ መሃል፣ ረከቦቱ ላይ። በዚያች ሰዓት ሐሳባችሁ ያለው ስልኩ ጋ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «የት ነበር ያስቀመጥኳት?» ብላችሁ የፈለገውን ያህል ብታስቡ አይመጣላችሁም። ስታስቀምጧት አላያችኋትም፤ ያላያችሁትን ነገር ከየት ታስታውሱታላችሁ?

ከሁሉ የሚብሰው ጭን ላይ ማስቀመጥ ነው። የተለመደው 0.73 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ፒክ ክብደቷ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ስትነሱ ትወድቃለች፤ ስትወድቅ አይሰማችሁም። ምንጣፍ ላይ ካረፈች ድምፅ የሚባል ነገር የላትም።

መፍትሔው ፒኳን ከእጅ አለማውጣት ነው። ይህ ደግሞ የሚለመድ ሙያ ነው። ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው፣ ፒኳን በአውራ ጣት እየገፉ ወደ ሌባ ጣት መታጠፊያ ማንሸራተትና ሌባ ጣትን አጥፎ እዚያው መያዝ ነው። አውራ ጣትና ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ነፃ ይሆናሉ። መሃል ላይ ፒክ ትተው በጣት የሚደረድሩ ብዙ ጊታሪስቶች የሚያደርጉት ይህንን ነው። ሁለተኛው፣ ፒኳን ወደ መዳፍ አስገብቶ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መጨበጥ ነው። በዚህኛው አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ነፃ ስለሚሆኑ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ስልክ ማንሳት ትችላላችሁ፣ ሲኒም መያዝ ትችላላችሁ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ እንዲህ ነው። አራት ባር (የዜማው የምት ክፍል) ትጫወታላችሁ። ፒኳን ትጨብጣላችሁ። እስክሪብቶ አንስታችሁ የኮርዱን ስም ትጽፋላችሁ። እስክሪብቶውን ታስቀምጣላችሁ፤ ፒኳን ወደ ቦታዋ ትመልሳላችሁ። ይህንን በቀን አሥር ጊዜ። መጀመሪያ ላይ ፒኳ እየወደቀች ታስቸግራለች። ሳምንት ሳይሞላ ግን እጅ ራሱ ያደርገዋል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጀማሪዎች ጊታራቸውን ሲቃኙ ቀኝ እጃቸውን አሻግረው ነው የመቃኛውን ቁልፍ የሚያዞሩት። ለዚያ ሲሉ ፒኳን ያስቀምጣሉ። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ቁልፉን በግራ እጁ ማዞር ይልመድ። ቀኙ ክሩን በፒክ እየነካ ይቆይ። ፒኳም አትጠፋም፤ ክሩን ያለማቋረጥ ስለምትሰሙትም ቅኝቱ ይበልጥ ይስተካከላል።

ጥርስ መሃል መያዝስ? መድረክ ላይ ብዙ ሰው ሲያደርገው አያለሁ። እኔ አልወደውም። ስትስቁ ወይም ስትዘፍኑ ትወድቃለች፤ ከፋ ሲልም ወደ ጉሮሮ ትገባለች። ያን ሁሉ ላብ የነካች ፕላስቲክ መሆኗም አለ።

የተገኘው ኪስ ውስጥ መክተት

ኪስ በራሱ ክፉ ቦታ አይደለም። ችግሩ ዛሬ የጃኬት፣ ነገ የሱሪ፣ ከነገ ወዲያ የሸሚዝ ኪስ መሆኑ ነው። ጃኬቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቀላል፤ ፒኳም አብራ ትሰቀላለች። በቀጣዩ ክረምት ታገኟታላችሁ። ሱሪው ይታጠባል፤ ፒኳ ከእጣቢው ጋር ትደፋለች።

ጂንስ ሱሪ ላይ ከትልቁ የቀኝ ኪስ በላይ አንዲት ትንሽ ኪስ አለች። ድሮ የኪስ ሰዓት ይያዝባት ነበር። አሁን ብዙ ሰው ምንም አያስገባባትም። ለፒክ ግን ልክ የተሰፋች ትመስላለች። ጠባብ ስለሆነች አትንሸራተትም፤ ሳንቲምና ቁልፍ ስለማይገባባትም የፒኳ ጠርዝ አይፋቅም። አንድ ሕግ ብቻ አውጡ፤ ፒክ ኪስ ከገባች የምትገባው እዚያች ኪስ ነው። ጂንስ የማትለብሱ ከሆነ የቦርሳችሁ የካርድ መያዣ ይሁን። የተለመደችው ፒክ ርዝመቷ 30፣ ወርዷ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከካርድ ጀርባ በደንብ ትቀመጣለች።

ጊታሩ ራስ ላይ ሰክቶ መርሳት

ልምምድ ሲያልቅ ፒኳን በጊታሩ ራስ አጠገብ ክሮቹ መሃል መሰካት የቆየ ልማድ ነው። ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው። ፒኳ ከጊታሩ ጋር ትቆያለች፤ ጊታሩን ስታነሱ ታዩዋታላችሁ።

ስህተቱ የሚመጣው እንደተሰካች ጊታሩን ቦርሳ ውስጥ ስትከቱት ነው። የቦርሳው ጨርቅ ይነካትና ታመልጣለች። ቦርሳው ሥር ትገባለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቦርሳውን ስትከፍቱ መንገድ ላይ ትቀራለች። ስስ ፒክ ደግሞ ለቀናት እዚያ ከከረመች ትጣመማለች። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ወይም ማቆሚያ ላይ ለሚቀመጥ ጊታር ብቻ ተጠቀሙበት። ቦርሳ ለሚገባ ጊታር፣ ዚፕ ያላት የቦርሳው ትንሽ ኪስ ትሻላለች።

ጊታሩ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፉ የፒክ መያዣዎችም አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። አንዳንድ ጊታሮች በተለይም የድሮዎቹና ውድ የሆኑት፣ ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ቫርኒሽ የተቀቡ ናቸው። ይህ ቫርኒሽ ከላስቲክና ከአንዳንድ ማጣበቂያ ጋር አይስማማም፤ ይለሰልሳል፣ ይበላሻል። እንደዚያ ያለ ጊታር ካላችሁ መያዣውን ማንገቻው ላይ አድርጉት።

የወለል ቀለም ያላት ፒክ መግዛት

አዲስ ተማሪ ፒክ ሊገዛ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ወይ ጥቁሯን ነው፣ ወይ ያቺን ቡናማና ቢጫ ዝንጉርጉሯን። ሁለቱም ያምራሉ። ሁለቱም ወለል ላይ ሲወድቁ አይታዩም።

ዝንጉርጉሯ ፒክ ታሪክ አላት። ድሮ ጥሩ ፒክ የሚሠራው ሆክስቢል ከሚባለው የባሕር ኤሊ ቅርፊት ነበር። ቀለሟ ያንን ቅርፊት መምሰሏ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒው ዮርክ ውስጥ ሉዊጂ ዳንድሪያ የሚባል ሰው ፒክ ከሴሉሎይድ መሥራት ጀመረ። ሴሉሎይድ ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር የሚሠራ የድሮ ፕላስቲክ ነው። መልኩን እንደ ኤሊ ቅርፊት ማድረግ ይቻል ስለነበር ዝንጉርጉሩ ቀለም እስከ ዛሬ ቀረ። ኤሊዋ ግን ልትጠፋ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው፣ ሳይቲስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከመጣ በኋላ የቅርፊቷ ንግድ ተከለከለ። ይህን ታሪክ ስለምወደው እኔም ለዓመታት የያዝኩት ዝንጉርጉር ፒክ ነበር። ከሶፋው ሥር ከወጡት 11 ፒኮች ሰባቱ ዝንጉርጉር ነበሩ። የቀድሞው ቤታችን ወለል ፓርኬ ነው። ፓርኬ ላይ የወደቀች ዝንጉርጉር ፒክ ደረቅ ቅጠል መሃል እንደገባች ቆቅ ናት፤ አጠገቧ ቆማችሁም አታዩዋትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ደማቅ ቀለም ዞርኩ። ፒክ አምራቹ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቶርቴክስ የሚባለው ፒክ ለዚህ ይመቻል፤ ቀለሙ ውፍረቱን ይናገራል። ቀይ 0.50፣ ብርቱካንማ 0.60፣ ቢጫ 0.73፣ አረንጓዴ 0.88፣ ሰማያዊ 1.0፣ ሐምራዊ 1.14 ሚሊ ሜትር ነው። ኮርድ እየገረፉ ለሚዘፍኑ ብርቱካንማውና ቢጫው ይስማማሉ። ነጠላ ድምፅ እየለቀሙ ለሚጫወቱ አረንጓዴውና ከዚያ በላይ ያሉት ይሻላሉ። የቤታችሁን ወለል አይታችሁ ምረጡ ስል የምሬን ነው። ወለላችሁ ቀይ ሴራሚክ ከሆነ ቀይዋን አትግዙ። ውፍረቱን ከወደዳችሁት ግን ቀለሙ የማይመች ከሆነ፣ መያዣዋ ላይ በነጭ ወይም በሮዝ የጥፍር ቀለም ትልቅ ነጥብ አድርጉባት። እስክሪብቶ ቶሎ ይለቃል፤ የጥፍር ቀለም ግን ይቆያል።

በጥልቀት መምታትና ፒኳን ለጊታሩ ማስዋጥ

አኩስቲክ ጊታር የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ፒኳ ከጣት ታመልጥና በድምፅ ቀዳዳው ትገባለች። ከዚያ ጊታሩን ገልብጦ መነቅነቅ ይመጣል። ውስጥ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ አትወጣም።

ፒኳ የምታመልጠው እጅ ስለላላ ብቻ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ፒኳ ክሮቹ መሃል በጣም ጠልቃ ስለምትገባ ነው። ጠልቃ ስትገባ ክሩ ይይዛታል፤ እጅ ሲቀጥል እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ጀማሪው ይህን ሲያይ አጥብቆ ይጨብጣል። አጥብቆ ሲጨብጥ የእጅ አንጓው ይደርቃል፤ ድምፁም ይደርቃል። ፒኳ ግን መውደቋን አትተውም።

በአውራ ጣት ሥጋማ ክፍልና በሌባ ጣት ጎን መሃል ያዟት። ከጣታችሁ የሚወጣው ጫፍ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ክሩን በጫፏ ብቻ ዳብሱት። ወደ ታች ስትገርፉ የፒኳን ጫፍ ጥቂት ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ስትመልሱ ጥቂት ወደ ታች ዘንበል አድርጓት፤ ክሩ አይጎትታትም። ይህን ያስተካከለ ተማሪ ፒክ መጣሉን በሦስት ቀን ውስጥ ሲተው አይቻለሁ።

እጁ የሚያልበው ሰው ደግሞ አለ። ሰርግ ላይ ሦስት ሰዓት የተጫወተ ወይም እሁድ ጠዋት በአምልኮ ቡድን ውስጥ የቆመ ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለው እጅ ለስላሳ ፒክ አይሆንም። መያዣዋ ላይ ሻካራ የሆነ ፒክ ይሸጣል። እሱ ከሌለ ያላችሁን ፒክ በሞቀ ሳይሆን በቀዝቃዛ መርፌ በሁለቱም በኩል መረብ አድርጋችሁ ጫሩት። ለሴሉሎይድ ፒክ እሳት የነካው መርፌ በጭራሽ አታቅርቡ፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው። ሌላው ዘዴ መያዣዋ መሃል ላይ በወረቀት መብሻ ቀዳዳ መብሳት ነው። የሁለቱ ጣቶች ሥጋ በቀዳዳዋ ውስጥ ይገናኝና ፒኳ አትሽከረከርም።

ቀዳዳ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጥንት ግሪክ የሸክላ ዕቃዎች ላይ ሊራ የሚጫወቱ ሰዎች ተሥለው ይታያሉ። የሚመቱባት መምቻ በክር ከመሣሪያው ጋር ታስራ ትታያለች። ሊራ ከእኛ ክራር ጋር የአንድ ቤተሰብ መሣሪያ ነው። መምቻ የመጥፋቷ ጣጣ የዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ያን ሥዕል ሳይ ደስ ይለኛል። ጊታር ላይ ክሩ ስለሚያስቸግር ማሰሩን አልመክርም። ግን ሰዎቹ ነገሩን በደንብ አስበውበታል።

ፒኳ ጊታሩ ሆድ ከገባች በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መነቅነቅ ሁለተኛው ስህተት ነው። ከውስጥ በኩል ጀርባውን የሚደግፉ አግዳሚ እንጨቶች አሉ። ፒኳ እነሱ ሥር ትሸጎጣለች። ጊታሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ እያዘነበላችሁ ፒኳን ቀዳዳው ሥር፣ በዓይናችሁ የምታዩበት ቦታ አምጧት። ከዚያ ጊታሩን አንዴ ፈጠን አድርጋችሁ ፊቱን ወደ መሬት ገልብጡት። ቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው ቀጥ ብላ ትወድቃለች። እምቢ ካለች የማስመሪያ ጫፍ ላይ ፕላስተር የሚጣበቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉና በክሮቹ መሃል አስገብታችሁ ለጥፋችሁ አውጧት። ጊታራችሁ ባትሪና ገመድ ያለው ከሆነ በኃይል አትነቅንቁት።

ስትወድቅ ብድግ ማለት

ፒክ ከእጃችሁ ስትወድቅ የመጀመሪያው ስሜት ብድግ ብሎ መፈለግ ነው። እባካችሁ አትነሱ። ፒኳ አብዛኛውን ጊዜ ያለችው እዚያው ነው፤ ጭናችሁ ሥር፣ የጫማችሁ ምላስ ላይ፣ የሱሪያችሁ እጥፋት ውስጥ፣ ወይም ጊታሩና ሆዳችሁ መሃል። ስትነሱ ከነዚህ ቦታዎች ተነስታ ወደማይታወቅ ቦታ ትሄዳለች። በእግራችሁ ገፍታችኋትም ቁም ሳጥን ሥር ልትገባ ትችላለች።

ቁጭ እንዳላችሁ መጀመሪያ አካላችሁን ዳብሱ። ከዚያ ጊታሩን አንሱ። ከዚያ መቀመጫውን። አሁንም ከሌለች መብራቱን አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ አብሩ። ስልኩን ከላይ አትያዙት፤ ወለሉ ላይ አጋድሙትና ብርሃኑ መሬት ለመሬት ይሂድ። ቀጭን ነገር ሁሉ ረጅም ጥላ ያወጣል። የፒክ ጥላ ከፒኳ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ጥቁር ፒክ እንኳ በዚህ ትያዛለች። ዘዴውን ያገኘሁት የጆሮ ጌጥ ከጠፋባት እህቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፒክ አድኖልኛል።

ቤት የሚጠርግ ሰው ካለ ደግሞ ተነጋገሩ። ለማያውቅ ሰው ፒክ የተሰበረ ፕላስቲክ ናት። አንዷን አሳዩትና «እንዲህ ያለች ነገር ካገኘህ እዚች ጣሳ ውስጥ ጣልልኝ» በሉት። እኛ ቤት ጣሳዋ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ናት። በየወሩ ሁለት ሦስት ፒክ ትመልስልኛለች።

አንዲት ብቻ መግዛት፣ ወይም ብዙ ዓይነት መግዛት

አንዲት ፒክ ብቻ ያለው ሰው የጠፋችበት ዕለት ልምምዱም ይቋረጣል። ይህ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ተቃራኒውን ስህተት ነው። ድብልቅ ፓኬት ገዝቶ አንድ ቀን በ0.46፣ ሌላ ቀን በ1.5፣ ሌላ ቀን በትንሿ ጃዝ ፒክ የሚጫወት ተማሪ እጁ አይረጋም። ስሷ ትታጠፋለች፣ ወፍራሟ አትታጠፍም። ሁለቱ የሚፈልጉት የእጅ ኃይል ፈጽሞ የተለያየ ነው። ያችን አንዲት የለመዳትን ሲያጣት «ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ» ይላል። እጁ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ውፍረት ሞክሩ። የሚመቻችሁን ስታገኙ ያንኑ ብቻ ግዙ። ብዙውን ጊዜ በ6 ወይም በ12 ታሽገው ይሸጣሉ። ከዚያ አከፋፍሏቸው። ሁለት ጊታር ቦርሳ ውስጥ፣ አንድ ትንሿ ኪስ ውስጥ፣ አንድ የካርድ ቦርሳ ውስጥ፣ የቀሩት ጣሳ ውስጥ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት፤ ሻንጣ ላይ ክብደት የለውም።

ያለቀችን ፒክ ከአዲሶቹ ጋር አታስቀምጡ። ጫፏ ድቡልቡል ያለ ወይም አንድ ጎኗ የተበላ ፒክ ድምፁን ታደነዝዛለች። ጣሳው ሙሉ ሆኖ የሚሠራ ፒክ የሌለበት ቤት አውቃለሁ።

መድረክ ላይ ያለችውን አንዲት ማበደር

«ወንድሜ፣ ፒክ ይኖርሃል?» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔም እምቢ አልልም። ግን የማበድረው ሁለተኛዋን ነው፤ የተበደረችም ፒክ ተመልሳ እንደማትመጣ አውቄ ነው የምሰጠው። መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ፒክ በፕላስተር የማይክ ማቆሚያው ላይ ለጥፉ፤ ግማሿ ከፕላስተሩ ውጭ ትሁን። አንዷ ብትወድቅ ሳትጎነበሱ ሌላዋን ትነጥቃላችሁ።

ሕፃን ባለበት ቤት ፒክ በየቦታው መተው

ይህን አጭር አደርገዋለሁ፤ ግን ከሁሉ በላይ አክብዳችሁ አንብቡት። የሚድህ ልጅ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ፒክ ደግሞ ደማቅ ቀለም አላት፣ ለስላሳ ናት፣ ለሕፃን አፍ የምትበቃ ናት። ልታንቅ ትችላለች። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ጣሳዋ ክዳን ይኑራት፤ ከፍ ያለ ቦታም ትቀመጥ። ልምምድ ስትጨርሱ ፒካችሁን ሳታገኙ ከክፍሉ አትውጡ።

ፒክ የለም ብሎ ጊታሩን መስቀል

እኔን የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ስህተት ይሄ ነው። ፒክ ከሌለ ልምምድ የለም ማለት አይደለም። ዌስ ሞንትጎመሪ ያን ሁሉ የጃዝ ጊታር የተጫወተው በአውራ ጣቱ ነው። ጊታሪስቱን ማርክ ኖፕፍለርን ሰው የሚያውቀው በጣቶቹ በሚያወጣው ድምፅ ነው። የኩዊን ባንዱ ብራያን ሜይ ፕላስቲክ ፒክ ትቶ የእንግሊዝን የድሮ ስድስት ፔንስ ሳንቲም ይዞ ነው የሚጫወተው። እኛም ጋ ክራር ግርፍ አለው፣ ድርድርም አለው። ፒካችሁ የጠፋች ሳምንት የድርድር ሳምንት ይሁን። በአውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች፣ በሌሎቹ ጣቶች ቀጫጭኖቹን። ትዝታን በዚህ መንገድ ስትሞክሩት ከግርፉ ይልቅ ልብ ውስጥ ይገባል።

የግድ ፒክ ያስፈልጋል ካላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ አለ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ፈልጉ። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም አቀፍ ደረጃ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ከቢጫዋ ቶርቴክስ ጋር ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው። ያላችሁን አሮጌ ፒክ ወይም ከካርቶን የተቆረጠ ቅርጽ ካርዱ ላይ አስቀምጣችሁ በእስክሪብቶ ዙሩት። የብረቱን ቺፕ ዝለሉት። ከአንድ ካርድ ሦስት፣ ተጠንቅቆ ለቆረጠ አራት ይወጣል። ጠርዙን በጥፍር ሞረድ ወይም በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ሻካራ ከሆነ ክሩ ላይ ይንሿሿል። መጨረሻ ላይ ጂንስ ሱሪያችሁ ላይ ደጋግማችሁ አሹት፤ ያብለጨልጫል። ፕላስቲኩ ከእውነተኛ ፒክ ቶሎ ያልቃል፤ ለሁለት ሦስት ሳምንት ግን ያገለግላል።

አንድ የ13 ዓመት ተማሪ አለኝ። ባለፈው ክረምት ፒኩ ጠፋችበትና ከአባቱ አሮጌ ካርድ ሦስት ቆርጦ መጣ። አንዷ ላይ የካርዱ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች ግማሻቸው ይነበባሉ። ሱቅ የገዛሁለትን አዲስ ፒክ አመስግኖ ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጠ። ትምህርት ሲጀመር ግን እጁን ወደዚያች የጂንሱ ትንሽ ኪስ ሰደደና የካርዷን ፒክ አወጣ። ስምንተኛ ሳምንቷ ነው፤ ጫፏ አልቋል፣ እስካሁን ግን አልጠፋችም።